የክፍላችንን ወሬ ማን ይንገረን?

ስለ አንድ የትምህርት ክፍል የተጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ስለ ሕንፃው፣ ስለ መምህራኑ ቁጥርና ስለሚሰጠው ዲግሪ ነው። ይህ መልስ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ጎደሎ ነው። ሕንፃ ቢቆም፣ መምህር ቢሟላ፣ ዲግሪም በየዓመቱ ቢሰጥ፣ በውስጡ ያሉት ሰዎች እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ከሆነ ያ ቦታ የትምህርት ክፍል መባሉ ቀርቶ የትምህርት መናኸሪያ ቢባል ይሻላል። በመናኸሪያ ሰው መኪናውን ይጠብቃል፤ መኪናው ሲመጣ ይሳፈራል፤ ከጎኑ ተቀምጦ የነበረው መንገደኛ በማግስቱ ቢቀር ምን አገኘው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እንግዲህ የዛሬው ጉዳያችን ይህ ነው፤ እኛ የእንግሊዝኛ ክፍል ተማሪዎች የራሳችንን ወሬ የምንሰማው ከማን ነው? ወሬ ስንል አሉባልታ ማለታችን አይደለም። ማን ታመመ፣ ማን ኀዘን ደረሰበት፣ ማን ግጥም ወይም ተረት ጻፈ፣ ማን መጽሐፍ አጥቶ ተቸገረ፣ ማን ትምህርቱን ሊያቋርጥ ተቃረበ፣ ማን ተመርቆ ሥራ አገኘ፣ የትኛው መምህር ብዙ ዘመን አገልግሎ ጡረታ ወጣ፤ ይህን ማለታችን ነው። ነገሩ ቀላል የሚመስለው አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን እንለምናለን። የእኛ እምነት እንዲህ ነው፤ ማኅበር በሌለበት ቋንቋ አይለመድም፤ ስለዚህ ማኅበር የሌለው የቋንቋ ክፍል ኑሮው ብቻ ሳይሆን ትምህርቱም ይጎድላል።

ይህንን የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ክፍል የምንማር፣ ቤታችን ግን በኮልፌ ቀራንዮ የሆነ ጥቂት ተማሪዎች ነን። ከዓለም ባንክ ወይም ከአየር ጤና ተነሥቶ ግቢ ለመድረስ ሁለት፣ አንዳንድ ቀን ሦስት ታክሲ መያዝ ያስፈልጋል። በሁለት ሰዓት ለሚጀመር ትምህርት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰልፍ መያዝ ነው። ማታም ሰልፉ ሳይረዝም ለመድረስ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ እንዳበቃ መሮጥ ነው። የክርክር ጉባኤ፣ የንባብ ምሽት ወይም የእንግዳ ንግግር ሲኖር ሰዓቱ ከአሥራ አንድ በኋላ ይሆናል፤ በዚያ ሰዓት እኛ ጦር ኃይሎች ደርሰን የሚቀጥለውን መኪና እየጠበቅን ነን። ይህን የምንለው ለማልቀስ አይደለም። ከቃሊቲ፣ ከኮተቤ፣ ከሳሪስ የሚመጣውም ጓደኛችን ኑሮው ይኸው ነው። ግቢ ውስጥ የሚያድረውም ቢሆን ከክፍለ ሀገር መጥቶ ከመኝታ ቤት ጓደኞቹ በቀር ሰው የማያውቅ ብዙ ነው። እንዲህ ሆኖ አራት ዓመት አብሮ ተምሮ በምረቃ ቀን ስም የሚጠያየቅ ሰው ቢገኝ ሊያስደንቀን አይገባም።

አሁን ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው እንሂድ። በሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው የፈተና ቀንና አዳራሽ ነው። ሁለተኛው የምዝገባና የክፍያ ጉዳይ ነው። ሦስተኛው «ከዚህ ቀን በኋላ የሚመጣ አይስተናገድም» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ሦስቱም አስፈላጊ መሆናቸውን አንክድም። ነገር ግን ሦስቱም ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ትእዛዞች ናቸው፤ ከተማሪ ወደ ተማሪ የሚሄድ አንድ ቃል በመካከላቸው የለም። በስልክ ላይ ያለው የክፍሉ ቡድንም ከዚህ አልተሻለም። ያው ማስታወቂያ ፎቶግራፍ ተነሥቶ እዚያ ይደገማል፤ ከሥሩ «ነገ ክፍል አለ ወይ?» የሚል ጥያቄ ሃያ ጊዜ ይጠየቃል።

በሰፈራችን ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ከአየር ጤና እስከ ቤቴል፣ ከዓለም ባንክ እስከ ሎሚ ሜዳ ሰው በእድር ታቅፎ ይኖራል። ሌሊት ሰው ቢሞት ጎሕ ሳይቀድ ጥሩምባው ይነፋል፤ የሟቹ ስምና የቀብሩ ሰዓት በየደጁ ይነገራል። ከዚያ ድንኳኑ ይወጣል፤ ወንበሩ ይወጣል፤ ሴቶቹ ለንፍሮው ምጣድና ድስት ያቀርባሉ። ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ጋሞው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ክርስቲያኑና እስላሙ በሚኖርበት በዚህ ክፍለ ከተማ ጎረቤት ለጎረቤት የሚደርሰው ቋንቋውንና ሃይማኖቱን ጠይቆ አይደለም። ቀብር ያልወጣ አባል ይቀጣል፤ ወርኀዊ መዋጮ ያልከፈለ ይጠየቃል። እድር በከተማችን በተለይ ከጣሊያን ወረራ ወዲህ የተስፋፋው፣ ከየአገሩ መጥቶ ከዘመድ የተለየው ሰው ብቻውን እንዳይቀበር ስለ ፈራ ነው። ይህንን ማኅበር ያቋቋሙት ሰዎች አብዛኞቹ ዲግሪ አልነበራቸውም፤ ብዙዎቹም ማንበብና መጻፍ አያውቁም ነበር። ሆኖም ከእኛ ክፍል ይልቅ የተሻለ የወሬ መላላኪያ አላቸው።

ምሳሌ እንስጥ። አንድ የክፍላችን ልጅ አባቱ ሞቶበት በሌሊት ወደ አገር ቤት ሄደ። ሦስት ሳምንት ቀረ። ሲመለስ ሁለት ፈተና አምልጦታል። ለመምህሩ ማመልከቻ መጻፍ ነበረበት፤ ማመልከቻው በእንግሊዝኛ መሆን አለበት፤ ኀዘኑን በእንግሊዝኛ እንዴት አድርጎ እንደሚጽፍ ስለ ተጨነቀ ሳይጽፍ አንድ ሳምንት ጨመረ። ከጓደኞቹ «ነፍስ ይማር፤ እግዚአብሔር ያጥናህ» ያለው ሰው አልነበረም፤ የሰማ ስላልነበረ ነው። በዚያው ሰሞን በልጁ ሰፈር የጎረቤት ልቅሶ ቢሆን ኖሮ ማታውኑ ሁሉም ያውቅ ነበር። በዚህ ነገር መምህሩን፣ ጽሕፈት ቤቱን ወይም ጓደኛውን ለይቶ መውቀስ አይቻልም። ጥሩምባ የሚነፋ ሰው አልተሾመም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ችግሮች ተያይዘው መምጣታቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንሻለን። አንደኛው ብቸኝነት ነው፤ ሁለተኛው የቋንቋ ፍርሃት ነው። ብዙ ሰዎች ሁለቱን ለየብቻ ይመለከቷቸዋል። ብቸኝነቱን ለተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ፣ ፍርሃቱን ለመምህሩ ይሰጣሉ። ለእኛ ግን ሁለቱ የአንድ ዛፍ ቅርንጫፎች ሆነው ይታዩናል።

የቋንቋ ፍርሃቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መምህሩ ጥያቄ ይጠይቃል፤ አርባ ሰው ዝም ይላል። ዝም ያለው ሐሳብ ስላጣ አይደለም፤ ሐሳቡ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በጉራጊኛ ተሰናድቶ በጉሮሮው ቆሟል። የሚፈራው ሰዋስው እንዳይሰበርበት፣ ከኋላ ወንበር ሳቅ እንዳይነሣበት ነው። እንግሊዝኛ ሰበረ የተባለ ሰው እስኪመረቅ ድረስ አፉን ሳይከፍት ይቆያል። ይህ የሚሆነው በሌላ ክፍል ሳይሆን በእንግሊዝኛ ክፍል፣ ነገ የልጆች መምህር ይሆናሉ በተባሉት ዘንድ ነው።

ነገሩ ከእኛ ክፍልም ያልፋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥና ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ግን የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። ስለዚህ የኮልፌ ልጅ ባዮሎጂውንም፣ ታሪኩንም፣ ጂኦግራፊውንም የሚፈተነው በእንግሊዝኛ ነው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው በተሰጣቸው ፈተና፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ሁሉ ቋንቋ ነው ብለን አንደፍርም፤ የመምህር፣ የመጽሐፍ፣ የሰላምና የኑሮ ችግር አለበት። ነገር ግን ጥያቄውን በሚገባ ማንበብ ያልቻለ ልጅ መልሱን ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል? እንግሊዝኛ የምናጠና ሰዎች ይህን ቁጥር እንደ ሌላ ሰው ወሬ ሰምተን ልናልፈው አይገባም።

አንዳንድ ሰዎች መድኃኒቱን ከውጭ አገር ዘዴ ብቻ ይፈልጋሉ። እኛ ደግሞ በአገራችን ውስጥ ቋንቋን የማስተማር ረጅም ልምድ ያለው አንድ ቤት እንዳለ ልናስታውስ እንወዳለን፤ እርሱም የቅኔ ቤት ነው። ግእዝ በማንም ቤት በእሳት ዳር አይነገርም፤ እናት ልጅዋን በግእዝ እሹሩሩ አትልም። ሆኖም የገጠር ልጅ ዋሸራ ወይም ጎንጅ ሄዶ ጥቂት ዓመት ከቆየ በኋላ በዚያ ቋንቋ ሰምና ወርቅ ያለው ቅኔ ከራሱ አመንጭቶ ይቀኛል። ይህ እንዴት ሆነ ብለን ብንመረምር ሦስት ነገሮች እናገኛለን።

አንደኛ፣ ተማሪው ከትንሽ ይጀምራል። መጀመሪያ የሚቆጥረው ጉባኤ ቃና ነው፤ ይህም ሁለት ስንኝ ብቻ ነው። ከዚያ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስምንት ስንኝ ወዳለው መወድስ ይደርሳል። እኛ ግን በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ዓረፍተ ነገር አስተካክለን ሳንናገር አምስት አንቀጽ ያለው ድርሰት እንጠየቃለን። ከዚያ ድርሰቱ ከሌላ ቦታ ይገለበጣል፤ ዛሬማ ማሽን ይጽፈዋል።

ሁለተኛ፣ የቅኔ ተማሪ የሚታረመው በጉባኤ ነው። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያቀናለታል፤ ሌሎቹም ይሰማሉ፤ ከአንዱ ስሕተት ሁሉም ይማራል። ስሕተት የትምህርቱ መሣሪያ እንጂ የተማሪው ነውር አይደለም። በእኛ ዘንድ ግን እርማቱ በቀይ ቀለም በወረቀት ላይ ተጽፎ ይመለሳል፤ ተማሪውም ውጤቱን አይቶ ወረቀቱን አጥፎ ከቦርሳው ይከተዋል።

ሦስተኛ፣ የቆየው ተማሪ አዲሱን ያስጠናዋል፤ አብረው ይለምናሉ፤ ያገኙትን ቁራሽ አብረው ይበላሉ፤ በጎጆ ጎን ለጎን ያድራሉ። የቅኔ ቤት ኑሮ ረኀብም፣ ብርድም፣ ውሻም ያለበት መሆኑን ከአያቶቻችን ሰምተናል፤ ያን መከራ ይመለስ አንልም። ሴቶች ልጆች ብዙውን ጊዜ ከዚያ ቤት ውጭ መቅረታቸውንም አንዘነጋም። የምንፈልገው አንዱን ነገር ብቻ ነው፤ ትምህርትና ማኅበር አንድ መሆናቸውን።

በዘመናዊው ትምህርት ቤትም ቢሆን ይህ ፈጽሞ ያልታየ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተማሪዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ በግቢው ውስጥም አብረው ያድሩ ነበር። ማኅበራቸው «ኒውስ ኤንድ ቪውስ» የተባለ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ያወጣ ነበር። በየዓመቱ በሚከበረው የኮሌጅ ቀን ደግሞ ግጥም እየጻፉ በሕዝብ ፊት ያነቡ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» ያለውን ግጥም አነበበ፤ ከእርሱ በኋላ በነበሩት ዓመታት ኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ሁለቱም ግጥሞች በአማርኛ ናቸው። እንግዲህ ቀን በእንግሊዝኛ የሚማሩት ልጆች ከሁሉ የከበደውን ነገር ለመናገር ሲነሡ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ተናገሩ። ጋዜጣቸው በእንግሊዝኛ፣ ግጥማቸው በአማርኛ ነበር፤ አንዱ ሌላውን አልገደለውም።

ደራሲዎቻችንም የሚመሰክሩት ይህንኑ ነው። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. «አደፍርስ»ን በአማርኛ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 «ዘ ሰርቲንዝ ሰን»ን በእንግሊዝኛ አሳተመ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአማርኛ ተውኔቶቹ የታወቀ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1965 «ኦዳ ኦክ ኦራክል» የተባለውን ተውኔት በእንግሊዝኛ አወጣ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ለኮልፌ ልጆች የቀረበ ነው። የመጀመሪያውን ልብ ወለዱን የጻፈው በቸሃ ጉራጊኛ ነው፤ ይህም በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1964 «ሺኔጋስ ቪሌጅ» ተብሎ ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመው «ዘ አፈርሳታ» በቀጥታ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን፣ ጎጆው የተቃጠለበትን ሰው ጉዳይ ለመመርመር የመንደሩ ሕዝብ አውጫጭኝ ሲቀመጥ ያሳያል። በኮልፌ ስንት የጉራጌ ቤተ ሰብ አለ! አያቱ የተቀመጠበት ሸንጎ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ መኖሩን የሚያውቅ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን ስንት ይገኛል? ወደ ኋላም ስንመጣ መዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» በተባለው መጽሐፍዋ ጣሊያንን ስለ ተዋጉ ሴቶች ጽፋ እ.ኤ.አ. በ2020 ለታላቁ የቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ እጩዎች አንዷ ሆናለች። ይህ ሁሉ ለእንግሊዝኛ ክፍል ተማሪ የቤት ወሬ መሆን ነበረበት።

ኮልፌ ራስዋ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ አለች። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ ወታደራዊ ሥልጠና የተቀበለው በኮልፌ ነበር፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ጽፎታል። የክፍለ ከተማችን ስም ሁለተኛው ቃል እንኳ ለቋንቋ ተማሪ የሚነግረው ነገር አለ። ቀራንዮ ከግሪክኛ በወንጌል በኩል ወደ ግእዝ የገባ፣ የራስ ቅል ማለት የሆነ ቃል ነው፤ የሕክምና ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ክሬኒየም የሚሉትም ከዚያው ሥር የወጣ ነው። ረዳቱ «ቀራንዮ! ቀራንዮ!» እያለ ሲጣራ ግሪክኛ፣ ግእዝና እንግሊዝኛ በአንድ ታክሲ ተሳፍረዋል። ለአንድ ልጅ እንግሊዝኛ የሰው ዕቃ እንዳልሆነ ለማሳየት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ከየት ይመጣል?

አሁን ሊነሡብን የሚችሉትን ተቃውሞዎች እንመልከት።

አንዳንዶች «የእንግሊዝኛ ክፍል ወሬ በአማርኛ መጻፉ ውርደት ነው፤ ቋንቋውንም ያዳክማል» ይሉናል። መልሳችን እንዲህ ነው፤ በማይደፍረው ቋንቋ ብቻ ተናገር የተባለ ሰው ዝም ይላል፤ ዝምታ ደግሞ ማንንም እንግሊዝኛ አላስተማረም። መጀመሪያ ሰውየው ይናገር፤ ከተናገረ በኋላ በሁለተኛው ቋንቋ እንዲደግመው እንርዳው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ጓደኛችንም በሚቀለው ቋንቋ ይጻፍልን፤ የሚተረጉምለት ሰው በመካከላችን አይጠፋም። ትርጉም ራሱ የክፍላችን ሙያ አይደለም ወይ?

ሌሎች «ይህ የአስተዳደሩ ሥራ ነው፤ በጀት ይመደብለት» ይላሉ። አስተዳደሩ አዳራሽ ቢፈቅድልን፣ ወረቀት ቢረዳን ደስ ይለናል፤ ልንጠይቅም ይገባናል። ነገር ግን የኮልፌ እድር የተቋቋመው ማዘጋጃ ቤት በጀት መድቦለት አይደለም። ጓደኛው መታመሙን ለማወቅ የበላይ ፈቃድ የሚጠብቅ ሰው ጓደኛ አይባልም።

ሦስተኛዎቹ ደግሞ «ጊዜ የለንም፤ የመውጫ ፈተና አለብን፤ ከተመረቅን በኋላ ሥራ መፈለግ አለብን» ይላሉ። ይህ ከሁሉ የጠነከረው ተቃውሞ ነው፤ በቀላሉ አናልፈውም። በእርግጥ የዛሬ ተማሪ ጭንቀት ብዙ ነው፤ የታክሲው ዋጋ፣ የቤት ኪራዩ፣ የምሳው ዋጋ ሁሉም ጨምሯል። ነገር ግን ብቻውን የሚያጠና ሰው ስድስት ሰዓት የሚፈጅበትን ነገር አራት ሆነው የሚያጠኑ በሁለት ሰዓት ይጨርሱታል። ሥራም ቢሆን ወሬው የሚገኘው ከተመረቁ ወንድሞችና እኅቶች ነው። ጊዜ የለኝም የሚለው ሰው ከማኅበሩ ሲርቅ ጊዜውን የሚያተርፍ ይመስለዋል እንጂ አያተርፍም።

ስለዚህ ወቀሳ ብቻ አቅርበን እንዳንሄድ አራት ነገሮችን ለክፍላችን ተማሪዎች ሁሉ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ የምትወጣ አንዲት የወሬ ገጽ ትኑረን። አንድ ወረቀት፣ ፊትና ጀርባ። በፊት ገጽዋ የሰው ወሬ ይጻፍ፤ ልደት፣ ኀዘን፣ ሕመም፣ ምረቃ፣ ጋብቻ፣ የጠፋ መጽሐፍ፣ የተገኘ መጽሐፍ። ሕመምና ችግር የሚጻፈው ግን ባለቤቱ ከፈቀደ ብቻ ነው፤ ያልፈቀደውን ወዳጆቹ በቃል ያስታምሙት። በጀርባዋ የተማሪ ጽሑፍ ይውጣ፤ ግማሹ በእንግሊዝኛ፣ ግማሹ በፈለጉት ቋንቋ። በማባዣ መኪና ለማሳተም እያንዳንዳችን በወር 10 ብር ብናዋጣ ይበቃል፤ ሒሳቡም በየወሩ በዚያችው ገጽ ላይ ይጻፍ። ገንዘብ ያዥ ያለ ሒሳብ ሲቀመጥ ማኅበር እንደሚፈርስ ከሰፈር እድሮች ተምረናል።

ሁለተኛ፣ በየታክሲ መሥመሩ አንድ ተጠሪ ይመረጥ። አንድ ለኮልፌና ለአየር ጤና፣ አንድ ለቃሊቲና ለሳሪስ፣ አንድ ለኮተቤና ለመገናኛ፣ አንድ በግቢ ለሚያድሩት ወንዶች፣ አንድ በግቢ ለሚያድሩት ሴቶች። የተጠሪው ሥራ አንድ ነው፤ በመሥመሩ ያለ ተማሪ ሦስት ቀን ከቀረ ደውሎ «ደኅና ነህ ወይ? ደኅና ነሽ ወይ?» ማለት። ኀዘን ከሆነ ለክፍሉ ይነግራል፤ ማመልከቻ ከሆነ አብሮ ይጽፋል፤ ያመለጠውን ማስታወሻ ያቀብላል።

ሦስተኛ፣ የሁለት ስንኝ ሰዓት ይመሥረት። ሰዓቱ ማታ ሳይሆን ቀትር ላይ ይሁን፤ በሩቅ የሚኖረውም ይድረስበት። በሳምንት አንድ ቀን እያንዳንዱ ሰው ራሱ የጻፈውን ሁለት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ይዞ ይምጣ፤ ከሁለት አይበልጥ። ያነባል፤ ከፍ ያሉት ተማሪዎች ያቀናሉ፤ ምክንያቱን ይናገራሉ፤ ሌላው ይቀጥላል። ሕጉም አንድ ነው፤ የሳቀ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት አራት ዓረፍተ ነገር ይዞ ይመጣል። መምህራን ቢገኙልን ክብራችን ነው፤ ባይመቻቸውም ጉባኤው አይቀርም።

አራተኛ፣ ወደ ሰፈራችን እንመለስ። በኮልፌ ቀራንዮ ከሚገኙት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ፣ ርእሰ መምህሩን አስፈቅደን፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች እናንብብላቸው፤ እነርሱም ያንብቡልን። የምናነበው ስለ ለንደን ጉምና ስለ በረዶ ሳይሆን መጀመሪያ ማንዴላ ስለ ኮልፌ የጻፈውን፣ ቀጥሎ ሣህለ ሥላሴ ስለ መንደሩ ሸንጎ የጻፈውን ይሁን። ለንደንም በሰዓትዋ ትመጣለች። ከስምንት ሰዎች በላይ አያስፈልግም፤ አራቱ በአንድ ቅዳሜ፣ አራቱ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይሄዳሉ። እኛ በኮልፌ የምንኖረው ለዚህ ሥራ ታክሲ አያስፈልገንም፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቅዳሜዎች እኛ እንይዛለን።

ይህ ሁሉ በአንድ ወሰነ ትምህርት ፍጹም ሆኖ ይሠራል ብለን አናልምም። ገጽዋ አንድ ሳምንት ትዘገይ ይሆናል፤ አንድ ተጠሪ ይደክም ይሆናል፤ ቅዳሜ ዝናብ ይዘንብ ይሆናል። ከተማሪ ማኅበር ሥራዎች ብዙዎቹ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ተንጠልጥለው ያ ሰው ሲመረቅ አብረው እንደሚመረቁም እናውቃለን። ስለዚህ ከአሁኑ በየሥራው አንድ የመጀመሪያ ዓመትና አንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ጎን ለጎን ይመደቡ፤ የቆየው ሲሄድ አዲሱ ሥራውን ለምዶ ይቀበለው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ስማችሁን፣ የምትኖሩበትን ሰፈርና ከአራቱ ሥራዎች የምትመርጡትን አንዱን በወረቀት ጽፋችሁ በተማሪዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ባለው ሣጥን ውስጥ አስገቡ። በፈለጋችሁት ቋንቋ ጻፉት። የኮልፌው መሥመር ተጠሪ የሚሆን ሰው ከእኛ መካከል አስቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ የቀሩት አራቱ መሥመሮች ሰው ይጠብቃሉ።